ከጥምቀት ወይስ ከገበያ?

ስለ ጎንደር ባህል መጻፍ ለሚጀምር ሰው ሁለት በር አለ። አንደኛው ጥምቀት ነው። ታቦታቱ በዝማሬ ታጅበው ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ቃል ያጥራል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ያልተባለለት ነገር ማግኘት ግን ይከብዳል፤ ካሜራው ከምእመኑ ሊበልጥ ምንም አልቀረው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ገበያ ነው። የሰሜን ደጋ ገብስ፣ የአርማጭሆ ቆላ ሰሊጥ፣ ከጣና ዳር ያለው የደምቢያ እህል እዚህ ይገናኛል። ዋናው ግን እህሉ ሳይሆን ሰዉ ነው፤ የአነጋገሩ ዜማ፣ የአለባበሱና የሰላምታው ልዩነት። «እማማ፣ ይህ በየት አገር የበቀለ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከዋጋው በፊት ስለ አገሩ ይሰማል። ፎቶው እንደ ጥምቀቱ አያምርም፤ አቧራም አለው። እኔ ብሆን ከዚያው ከአቧራው እጀምር ነበር፤ ጥምቀቱን ለጥር አቆየዋለሁ።