ለፈጣን መኪና ትልቅ ቱርቦ፦ የትኛው ዓይነት ለየትኛው ገዢ?

ሞተሩ ከፋብሪካ ቱርቦ (በሞተሩ ጢስ እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ተገጥሞለት የወጣ ፈጣን መኪና ያለው ሰው ተጨማሪ ጉልበት ሲያምረው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ቱርቦ ስንት የፈረስ ጉልበት ይሰጣል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መምጣት የነበረበት በመጨረሻ ነው፤ ምክንያቱም ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው በካርቶን ታሽጎ ለሚመጣው ዕቃ ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃውን ለመግጠም ለሚፈታው፣ ለሚለወጠውና በኮምፒውተር ለሚስተካከለው ነገር ሁሉ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች አማራጮቹን የምመዝነው ለመግጠምና ለማስተካከል ከገዢው በሚጠይቁት ነገር ነው። ለምሳሌነት በአእምሮዬ ይዤ የምጽፈውም ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነው።

ለገዢው የተከፈቱት መንገዶች በጥቅሉ ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ ከዚያው የሞተር ቤተሰብ ለበለጠ ኃይል የተሠራውን የፋብሪካ ቱርቦ መውሰድ ነው። የታወቀው ምሳሌ ሰባተኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ ሲሆን፣ ጂቲአይ የተባለው ሞዴል አይኤስ20፣ አር የተባለው ደግሞ ከፍ ያለውን አይኤስ38 የተሰኘ፣ አይኤችአይ የተባለው የጃፓን አምራች የሠራውን ቱርቦ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ትልቁም በትንሹ ቦታ ያለ ብየዳ ይገባል። ሁለተኛው መንገድ ሀይብሪድ የሚባለው ነው፤ የፋብሪካው ቱርቦ ውጫዊ ቤት እንዳለ ሆኖ ውስጡ በቶርኖ ተቦርቡሮ ተለቅ ያሉ ፋኖች ይገቡለታል። ሦስተኛው፣ እንደ ጋሬትና ቦርግዋርነር ካሉ አምራቾች ራሱን የቻለ ቱርቦ ገዝቶ ማኒፎልዱን (ጢሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ ወደ ቱርቦው የሚያደርሰውን ቱቦ)፣ የዘይቱንና የውኃውን መስመር፣ የአየር ቱቦዎቹንና የጢስ መውጫውን በልኩ እንደ አዲስ ማሠራት ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ጥሩ ጎን ሁሉ ነገር በልኩ መሆኑ ነው። ቡሎኖቹ በቦታቸው ይገጥማሉ፣ የዘይት ቱቦው ያው ነው፣ ጓርኒሲዮኖቹም በቀላሉ ይገኛሉ። ጉድለቱ የጉልበቱ ጣሪያ ዝቅ ያለ መሆኑ ነው። በየቀኑ የሚነዳ መኪና ላለውና ሞተሩን ሳይከፍት መጠነኛ ጭማሪ ለሚፈልግ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ሀይብሪድን በተመለከተ ሰፊ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከውጭ ሲያዩት ከፋብሪካው ስለማይለይ ብዙዎች እንደ ቀላል መፍትሔ ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ስለሚሽከረከር፣ ፋኖቹና ዘንጉ አብረው ካልተመጣጠኑ በዓይን የማይታይ የክብደት ልዩነት እንኳ ኩሽኔታውን በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ሻጩን የሚለካው እንግዲህ ይህ ነው፤ ቱርቦው ከተገጣጠመ በኋላ በማሽን የተመጣጠነበትን ውጤት በወረቀት ሊያሳይ የማይችል ሻጭ ያቀረበው ዋጋ ምንም ያህል ቢያጓጓ ይለፈው እላለሁ። ሌላው ነጥብ ሀይብሪድ ሲሠራ በአብዛኛው የሚያድገው አየር የሚገፋው የኮምፕረሰር ፋን ሲሆን፣ ጢሱ የሚያልፍበት የተርባይን ቤት ግን እንደ ጠበበ ይቀራል። ውጤቱ በከፍተኛ ዙር ይታያል፤ ጢሱ መውጫ አጥቶ ወደ ኋላ ስለሚገፋ የሲሊንደሩ ሙቀት ይጨምራል፣ ሞተሩም ለማንኳኳት (ነዳጁ ከካንዴላው እሳት ውጭ በራሱ መፈንዳቱ) ይቀርባል፤ አስተካካዩም የካንዴላውን እሳት ማዘግየት ስለሚገደድ በግዢ የተገኘው ጉልበት በከፊል ይመለሳል።

ራሱን የቻለ ቱርቦ ለመግዛት የወሰነ ሰው ደግሞ የስሙን ቁጥር ማንበብ ይኖርበታል። ጋሬት ጂ25-550 እና ጂ25-660 ብሎ የሚሸጣቸው ሁለቱ ቱርቦዎች ለንጽጽር የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ የመጨረሻው ቁጥር አምራቹ ሊደርስበት ይችላል ያለው የፈረስ ጉልበት ነው። የተርባይን ፋናቸው አንድ ዓይነት ሲሆን የሚለዩት በኮምፕረሰሩ ነው፤ የአየር መግቢያው በአንደኛው 48፣ በሌላኛው 54 ሚሊሜትር ነው። እንደ ሻካራ ስሌት አንድ የቤንዚን ሞተር 400 የፈረስ ጉልበት ለማውጣት በደቂቃ ወደ 18 ኪሎግራም አየር ያስፈልገዋል፤ ይህን ደግሞ ትንሹ ያለ ችግር ያቀርባል። እንግዲህ ግቡ 400 ሆኖ ሳለ «ለወደፊቱ ይሁነኝ» ብሎ 660ውን የሚገዛ ሰው፣ የማይደርስበትን ጫፍ ገዝቶ በየዕለቱ የሚጠቀምበትን የታችኛውን ዙር ምላሽ ይሰዋል። ኮምፕረሰሩ ከሚያስፈልገው በላይ ሲገዝፍ ሰርጅ የሚባለው ጠባይም ይመጣል፤ ሞተሩ ሊውጠው ከሚችለው በላይ የተገፋው አየር ወደ ኋላ እየተመታ ይንፈራገጣል፣ ተሸካሚውንም ይጎዳል።

የቦርግዋርነር ኢኤፍአር ተከታታይ ወደ ፍላጎቱ በሌላ በኩል ይሄዳል። የተርባይን ፋኑ ከተለመደው የኒኬል ቅይጥ ግማሽ ያህል ክብደት ካለው ከቲታኒየምና ከአልሙኒየም ውሕድ የተሠራ በመሆኑ ፈጥኖ ይነሣል፤ ኩሽኔታውም ኳሶቹ ሴራሚክ የሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ቀላል ማዕድን ተሰባሪ ስለሆነ ከሞተሩ የወጣች ትንሽ የብረት ስባሪ ፋኑን ልትጨርሰው ትችላለች። አሮጌ ማኒፎልድ ያለው ወይም የብየዳ ፍርፋሪ በሚገባ ያልጸዳበት ማኒፎልድ የሚጠቀም ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ብዙ ገዢ የማይጠይቀው ነገር ቢኖር የሚነዳበት ቦታ ከፍታ ነው። የቱርቦ ሥራ የሚለካው በቡስት (ቱርቦው ከውጩ አየር በላይ የሚጨምረው ግፊት) ጌጅ ላይ በሚታየው ቁጥር ሳይሆን፣ የሚወጣው ግፊት ከሚገባው ስንት እጥፍ ነው በሚለው ነው። በባሕር ወለል ላይ የውጩ አየር 1 ባር ያህል ስለሆነ፣ ወደ ሞተሩ 2 ባር ፍጹም ግፊት (የውጩ አየር ግፊት አብሮ የተቆጠረበት) ለማስገባት ቱርቦው አየሩን ሁለት እጥፍ ያህል ቢያምቀው ይበቃል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ግን የውጩ ግፊት 0.75 ባር አካባቢ ስለሚሆን ያንኑ 2 ባር ለማግኘት እጥፉ ወደ 2.7 ይጠጋል፤ ዘንጉ በጣም ይፈጥናል፣ የሚወጣውም አየር ይበልጥ ይሞቃል። በዝቅተኛ ቦታ ሰዎች ያመሰገኑት ትንሽ ቱርቦ በደጋ ላይ አቅሙን ቶሎ የሚጨርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከሻጩ የኮምፕረሰር ማፑን (ኮምፕረሰሩ በየግፊት እጥፉ ስንት አየር እንደሚያቀርብ የሚያሳየውን ሥዕል) ጠይቆ፣ በራስ ከፍታ የተሰላውን እጥፍ አስቀምጦ ነጥቡ የት እንደሚወድቅ ማየት፣ ከማንኛውም የሰው ምስክርነት ይበልጣል።

ዘንጉን የሚሸከመው ክፍል ሁለት ዓይነት ነው። በዘይት ላይ የሚንሳፈፍ ቡሽ (ኳስ የሌለው የብረት ቀለበት) ያለው ርካሽና ታጋሽ ነው፤ ሲበላሽም በመለዋወጫ ሊታደስ ይችላል። ባለ ኳስ ኩሽኔታው ሰበቃው አነስተኛ ስለሆነ ነዳጅ መርገጫው ሲነካ ቶሎ ይመልሳል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ዘይቱም ንጹሕና በልኩ የተመጠነ እንዲሆን ይፈልጋል። በገጠማ ጊዜ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት የሁለቱን የዘይት ፍላጎት ማምታታት ነው። ባለ ኳሱ ብዙ ዘይት ስለማይፈልግ በመግቢያው ላይ ቀዳዳውን የሚያጠብ ማነቂያ እንዲገባ አምራቹ ሊያዝ ይችላል፤ ያንኑ ማነቂያ ለባለ ቡሹ የሰጠ ሰው ግን ዘንጉን በጥም ይገድለዋል።

ከመግቢያው ይልቅ እኔን ያስቸገረኝ መውጫው ነው። ከዓመታት በፊት በራሴ መኪና ላይ የተገጠመ ቱርቦ በሥራ ፈት ዙር ሲቆይ ሰማያዊ ጢስ ያወጣ ነበር፤ የገጠመው ጋራዥ ቱርቦው ጉድለት እንዳለበት ነግሮኝ በሌላ ተለወጠ፣ ሁለተኛውም በሳምንቱ ያንኑ ጢስ አወጣ። በመጨረሻ መኪናውን በክሪክ አንሥተን ስናይ የዘይት መመለሻው ጎማ ከሞተሩ እግር ጎን ሲታጠፍ መሐሉ እንደ ጉልበት ታጥፎ፣ ጠፍጥፎም ቀርቶ ነበር። ዘይት ከቱርቦ የሚመለሰው በክብደቱ ወደ ታች በመውረድ ብቻ ነው፤ ከኋላው የሚገፋው ግፊት የለም። ስለዚህ መመለሻው ሰፊ፣ ያለ ማቋረጥ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅና ከዘይት ገንዳው የዘይት ልክ በላይ የሚገባ መሆን አለበት፤ መንገድ ካጣ ዘይቱ በዘንጉ ማኅተም በኩል ወደ ጢሱ ይሾልካል። በዘይት መግቢያና መውጫ ላይ ሲሊኮን ማሸጊያ አለመቀባትም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፤ የተላጠች ቁራጭ ሄዳ ያችን ጠባብ ቀዳዳ ትደፍናለች።

ትርፉን ጢስ አሳልፎ ግፊቱን የሚቆጣጠረው ዌስትጌት ከቱርቦው ጋር የተያያዘ ወይም ለብቻው በማኒፎልዱ ላይ የሚቆም ሊሆን ይችላል። የተያያዘው ቦታ አይፈጅም፣ ገጠማውም ቀላል ነው። ለብቻው የሚቆመው ብየዳና ተጨማሪ ቱቦ የሚጠይቅ ቢሆንም ግፊቱን አጥብቆ ይይዛል፤ በተለይ ትልቅ የጢስ ፍሰት ባለበትና ዝቅተኛ ቡስት በሚፈለግበት ጊዜ የተያያዘው በሩ ትንሽ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ጢሱን ማሳለፍ ስለሚያቅተው፣ ዙሩ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ሳይታዘዝ ይወጣል። ለመካከለኛ ግብ የተያያዘው በቂ ነው፤ ነገር ግን ገፊ ዘንጉ በሚገባ ይስተካከል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ የዌስትጌቱን በር በጣቴ ገፍቼ እዘጋለሁ፣ ዘንጉን ከበሩ ክንድ ነቅዬ የጫፉን ቀዳዳ ከፒኑ ጋር አስተያያለሁ፣ ቀዳዳው ወደ ፒኑ ሊደርስ ሁለት ሚሊሜትር ያህል እስኪቀረው ድረስ ጫፉን አዙሬ አሳጥራለሁ፣ ከዚያ ስቤ አስገባዋለሁ። በእጅ ፓምፕና በጌጅ ግፊት ስሰጠው ከስፕሪንጉ ልክ አጠገብ መንቀሳቀስ ከጀመረ ትክክል ነው። ዘንጉ ከላላ በሩ ቀድሞ እየተከፈተ ቱርቦው ይሰንፋል፤ ከመጠን በላይ ከተጠበቀ ደግሞ ቡስቱ በአደገኛ ሁኔታ ይዘላል።

ማስተካከሉን በተመለከተ የፋብሪካውን ኮምፒውተር እንደገና ማስጻፍና ራሱን የቻለ ኮምፒውተር መግጠም ተነጻጻሪ ሆነው ይቀርባሉ። የመኪናውን ማርሽ መቀየሪያ፣ የፍሬን መቆጣጠሪያና ሌሎች ሥርዓቶች አሳስሮ የያዘ ዘመናዊ መኪና ላለው ሰው የመጀመሪያው ያዋጣል፤ ለውድድር የተዘጋጀ አሮጌ ሞተር ላለው ደግሞ ሁለተኛው ነፃነት ይሰጣል። በሁለቱም ጊዜ ኢንጀክተሮቹና የነዳጅ ፓምፑ ለአዲሱ አየር የሚበቁ መሆናቸው አስቀድሞ ይጣራ፤ በኤታኖል የበዛ ነዳጅ ለመጠቀም ካሰቡ ከቤንዚን በሲሶ የሚበልጥ ፍሰት ያስፈልጋል። የካንዴላው ክፍተትም ይጠበብ፤ ግፊት ሲጨምር ሰፊ ክፍተት እሳቱን ያጠፋዋል።

አስተካካይ ሲመርጡ የሚጠየቀው ከየት እንደሚጀምር ነው። ጠንቃቃው የቡስት መቆጣጠሪያውን አጥፍቶ በዌስትጌቱ ስፕሪንግ ብቻ በሚገኘው ዝቅተኛ ግፊት ይጀምራል፤ ላምዳውን (የአየርና የነዳጅ ምጥጥን መለኪያ፤ ከ1 ሲያንስ ነዳጁ በዝቷል ማለት ነው) በሙሉ ጭነት ወደ 0.8 አካባቢ ያበለጽጋል፣ የማንኳኳት ሴንሰሩን ያያል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ግፊቱን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል። በመጀመሪያው ሰዓት ስለ ከፍተኛው ቁጥር የሚያወራው ግን በሞተሩ ላይ ቁማር ይጫወታል።

ያገለገለ ቱርቦ ለመግዛት ለሚያስብ፣ ከሁሉ ቀላሉ ፈተና በእጅ የሚደረገው ነው። የአየር መግቢያውን ከፍቶ የፋኑን እምብርት በሁለት ጣት ይያዝ፤ በቡሽ የሚሽከረከረው ወደ ጎን ጥቂት ቢወዛወዝ፣ ዘይት ስለሌለበት፣ አያስደነግጥም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሳብ ግን ጨዋታ ሊኖረው አይገባም፣ ሲዞርም የምላጮቹ ጫፍ ቤቱን መንካት የለበትም። ከዚያ ምላጮቹን በመብራት አንድ በአንድ ይመልከት፤ ጠርዛቸው እንደ አሮጌ ቢላ ከተሸረፈ ያ ቱርቦ ያለ አየር ፊልትሮ ሲሠራ የኖረ ነው።