የድሮ የእንግሊዝ ካርታ በነጻ፦ ሂትሮው መንደር ሳለ

እንግሊዝ ሀገር የምትኖሩ፣ ያላችሁበት ሰፈር ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ደስ የሚላችሁ ከሆነ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትን የካርታ ዌብሳይት እዩት። ስሙ ስኮትላንድ ይበል እንጂ የእንግሊዝም ካርታ ሞልቶታል፣ ነጻ ነው፣ ለማየት መመዝገብም አያስፈልግም። የድሮውን ካርታ የዛሬው ሳተላይት ፎቶ ላይ ይደርብላችኋል፣ ከዛ ማንሸራተቻዋን ገፋ መለስ እያረጋችሁ አንዱን ደብዘዝ ሌላውን ጎላ ማድረግ ነው። ጎን ለጎን አርጎም ያሳያል፣ እሱ ግን ስልክ ላይ ይጠባል ላፕቶፕ ይሻላል።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው የያንዳንዱ ቤት ቅርጽ ወደሚታይበት ትልቅ ስኬል ነው። እኔ ደግሞ በትንሹ ጀምሩ ባይ ነኝ፣ አንድ ኢንች ለአንድ ማይል በሆነው፣ 1፡63,360 ማለት ነው። ዝርዝር የለውም፣ ግን መንገዱ ወንዙ ባቡሩ መንደሩ ባንዴ ስለሚታይ የጠፋው ነገር ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ሂትሮውን እንውሰድ፣ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ለንደን የገባ የሚያውቀው ቦታ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በወጣው ባለ አንድ ኢንች ካርታ ላይ ኤርፖርት ምናምን የለም፣ ከባዝ ሮድ ወደ ደቡብ የሚታጠፍ የገጠር መንገድና ዳር ዳሩን ተበታትነው የቆሙ ቤቶች ናቸው ያሉት፣ ስሙም ሂዝ ሮው ተብሎ ለያይቶ ተጽፏል። ለለንደን ገበያ አትክልትና ፍራፍሬ የሚያቀርቡ ገበሬዎች አገር ነበር። በ1944 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የኤርፖርቱ ሥራ ሲጀመር መንደሩ ፈረሰ፣ ማንሸራተቻዋን ስትገፏት ቤቶቹ ይጠፉና ከስር አስፋልት ብቅ ይላል። ባዝ ሮድ ላይ ያለው ሎንግፎርድና ከመንገዱ በስተሰሜን ያሉት ሲፕሰንና ሃርመንድስወርዝ የሚባሉት መንደሮች ግን ዛሬም አሉ፣ ሃርመንድስወርዝ በ1426 አካባቢ የተሠራው ትልቁ የእንጨት ጎተራ እስካሁን ቆሟል።

የሚገርመው ደሞ የካርታው ታሪክ ራሱ እዚሁ ቦታ ነው የሚጀምረው። በ1784 ጄኔራል ዊልያም ሮይ ከሂዝ ሮው አጠገብ ተነስቶ እስከ ሃምፕተን ድረስ 27,404 ጫማ የሚሆን ቀጥ ያለ መስመር አስለካ፣ የግሪኒችና የፓሪስ የኮከብ መመልከቻዎችን በልኬት ለማገናኘት ተብሎ። ከዛ በ1791 ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚባለው የብሪታንያ የካርታ መሥሪያ ቤት ተመሠረተ፣ በ1801 የመጀመሪያው ባለ አንድ ኢንች ካርታ ወጣ፣ ከፈረንሳይ ፊት ለፊት ያለችው የኬንት። ኬንት የቀደመችው ወዳ አይደለም፣ ፈረንሳይ ይወረናል ብለው ፈርተው ነው እንጂ። የሮይ መስመር ጫፍና ጫፍ ላይ መድፍ ቀብረው ምልክት አርገውበታል፣ አንደኛው ኤርፖርቱ አጥር አካባቢ ነው ያለው፣ ስንቱ ሰው በታክሲ ሳያየው እንደሚያልፍ እንጃ።

ካርታውን ግን ዝም ብላችሁ አትመኑት። የታተመበት ዓመትና መሬቱ የተለካበት ዓመት ይለያያል፣ ባቡር መስመር ብቻ ጨምረው አሮጌውን መልሰው ያትሙት ነበር። ወታደራዊ ኤርፖርቶችንም ሆን ብለው ይተዉ ስለነበር ባዶ ሜዳ ስታዩ በቃ ምንም አልነበረም እንዳትሉ። ስምም ያሳስታል፣ ሂትሮው ላይ የቄሳር ካምፕ ይባል የነበረው ቦታ በ1944 ሲቆፈር ከሮማውያን በፊት የነበረ የብረት ዘመን ሰፈር ነው የተገኘው።

ባዝ ከተማ ከሄዳችሁ ደግሞ ጃንሆይ ከ1936 ጀምሮ በስደት የኖሩበትን የፌርፊልድ ቤት አካባቢ የ1950ዎቹን ካርታ ከፍታችሁ እዩት፣ ወደ ግሪን ፓርክ ጣቢያ የሚገባው ባቡር በዛው ሰፈር በኩል ያልፋል። ጣቢያው በ1966 ተዘጋ፣ መስመሩ አሁን እስከ ብሪስቶል የሚያደርስ የሳይክል መንገድ ሆኗል። ቤቱን ነጥሎ ለማየት ግን አንድ ኢንቹ አይበቃም፣ እዛ ላይ ባለ 6 ኢንቹን ክፈቱ።

ወረቀቱን በእጄ ልያዝ ለምትሉ፣ ከአንድ ኢንቹ የመጨረሻው የሆነው ሰባተኛው ሲሪስ ያገለገለ ዕቃ ሱቆች ውስጥ አይጠፋም። ጀርባው ጨርቅ የተለጠፈበትን ምረጡ፣ ወረቀት ብቻ የሆነው እጥፋቱ ላይ ቶሎ ይቀደዳል።