ለእናቴ ጉልበት የገዛነው የእጅ ሌዘር፦ ድሬ ላይ ለመግዛት ላሰባችሁ

እናቴ ጉልበቷን ማመም ከጀመራት ዓመታት አልፈዋል። መገጣጠሚያው ተበልቷል ነው የተባለችው። ደረጃ ሲሆን ይብስባታል፣ ሶላቷም ወንበር ላይ ሆኗል። ፊዚዮቴራፒ ቤት ሌዘር፣ ማለትም ህመም የሚያስታግስ ብርሃን፣ ሲያደርጉላት ቀለል ይላት ነበር፣ ችግሩ መመላለሱ ነው። ከሳቢያን ተነስቶ በዚያ ፀሐይ ባጃጅ ላይ መውጣትና መውረድ፣ ወረፋ ጠብቆ ደግሞ መመለስ፣ ቤት ስትደርስ ያገኘችው ፋታ አልቆ ይጠብቃታል። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ በእጅ የሚያዘውን የገዛነው።

የገዛነው እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ነው። ሻጩ እናቴን ሲያያት «እማማ፣ ይሄ ስኳርም ግፊትም ያወርዳል፣ ኪኒኑን ትተዪዋለሽ» አላት። አቦ እንዲህ አይባልም! የስኳርና የግፊት መድኃኒት የምትወስድን እናት ኪኒንሽን ትተዪያለሽ ማለት ሰው ላይ መፍረድ ነው። ይህ ዕቃ ለህመም ማስታገሻ ነው፣ የማንንም ኪኒን አይተካም።

ወደ ዕቃው ልምጣ። የእጅ ባትሪ ያክላል፣ በቻርጅ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም አያስቆመንም። ጫፉ ላይ 15 ትንንሽ መብራቶች አሉት። 12ቱ ቀይ ናቸው፣ 650 ናኖሜትር (የብርሃኑ ዓይነት መለኪያ)፣ እያንዳንዳቸው 5 ሚሊዋት (የብርታቱ መለኪያ)። ሦስቱ ደግሞ 808 ናኖሜትር፣ እያንዳንዳቸው 200 ሚሊዋት። ቀዩ ያምራል፣ ሰው ሁሉ የሚያየውም እሱን ነው። ለጉልበት ግን ጉዳዩ ያለው ሦስቱ ጋ ነው፤ ብርሃናቸው ለዓይን አይታይም፣ ወደ ሥጋ ጠልቆ የሚገባው ግን እሱ ነው። ሱቅ ውስጥ ከጎኑ የነበረው ርካሹ ቀይ ብቻ ነበረው። ለጉልበት ብላችሁ ከሆነ እሱን እለፉት።

አሁን ዋናው ነገር፣ መጠኑ። የዓለም የሌዘር ሕክምና ማኅበር ለጉልበት ከ780 እስከ 860 ናኖሜትር ባለው ብርሃን በአንድ ነጥብ ቢያንስ 4 ጁል (የሚሰጠው የብርሃን ኃይል መጠን) ይላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 200 ሚሊዋት ማለት በሰከንድ 0.2 ጁል ነው፣ በ20 ሰከንድ 4 ጁል ይሆናል። ይህ ግን ሳያቋርጥ ሲበራ ነው። ብልጭ ድርግም በሚለው ላይ ካደረጋችሁትና ግማሹን ጊዜ የሚጠፋ ከሆነ መጠኑም በግማሽ ይወርዳል። ሻጩ «ብዙ በያዛችሁት ቁጥር ይሻላል» ብሎን ነበር፣ እንደዚያ አይደለም፤ ከልክ ሲያልፍ ጥቅሙ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ላይ የተሠሩ 22 ሙከራዎችን፣ 1063 ሕሙማንን አንድ ላይ አይቶ፣ ህመሙ የቀነሰው የሚመከረው መጠን በተሰጠበት ነው ብሏል። ካርቶኑ ላይ ናኖሜትሩና ሚሊዋቱ ያልተጻፈ ዕቃ ይህን ሒሳብ አያሠራችሁም፣ ስለዚህ አትግዙት።

አጠቃቀሙ ላይ እናቴ መጀመሪያ ሽቲዋን (ቀሚሷን) ሳትገልጥ ከላይ ልታደርገው ፈልጋ ነበር። አይሆንም። ቅባት የሌለበት ንጹሕ ቆዳ ላይ፣ ጫን ተደርጎ መያዝ አለበት፣ ጨርቅ ብርሃኑን ያስቀረዋል። ሌላው ለኛ የሚያስፈልገው፣ ጥቁር ቆዳ ብርሃን ቶሎ ይይዛል፣ ይሞቃል። ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት ስለዚህ አንድ ቃል የለውም። እኛ ሞቀኝ ስትል አንስተን ትንሽ እናቆየዋለን። ካንሰር ያለበት ወይም ነበረበት ተብሎ የሚጠረጠር ቦታ፣ የእርጉዝ ሆድና ወገብ፣ እንቅርት ያለበት አንገት ላይ ሐኪም ሳያይ አይደረግም።

ለውጡስ? አለ። ማታ ማታ የሚቀሰቅሳት ህመም ቀንሷል፣ ጠዋት ስትነሳ እንደ ድሮው ግድግዳ አትይዝም። ሶላቷ ግን አሁንም ወንበር ላይ ነው፣ የተበላውን መልሶ የሚያበቅል ነገር የለም። የምታክማት ፊዚዮቴራፒስት «እማማ፣ ሌዘሩ ያስታግስልሻል፣ ጉልበትሽን የሚያጠነክረው እንቅስቃሴው ነው» ትላታለች፣ እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። እግሯን ዘርግታ የጭኗን ጡንቻ የምታጠብቅበትን ስፖርት ስትተው ሌዘሩ ብቻውን አይበቃትም። ሌዘሩ ህመሙን ሲያበርድላት ነው ስፖርቱን የምትሠራው፣ ለኔ ገንዘቡ የወጣው ለዚህ ነው፣ አልቆጨኝም።

ቅር ያለኝ የዓይን መከላከያ መነጽሩ ላይ ነው። 808 ስለማይታይ ዓይን አይጨፍንም፣ ሳይታወቅ ይጎዳል። በእርግጥ መብራት አለመብራቱን ለማየት ነጭ ወረቀት ላይ አብርታችሁ ወረቀቱን በስልክ ካሜራ ተመልከቱ፣ ብዙ ስልክ ላይ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል፣ ጫፉን ግን ወደ ዓይንም ወደ ካሜራም አታዙሩ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው መነጽር አንድ ብቻ ነው። ያዡም የሚታከመውም ያስፈልጋቸዋል፣ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ደግሞ ያን ሰዓት ከክፍሉ ይውጣ። የፀሐይ መነጽር አይተካውም፣ ለ808 ተብሎ የተጻፈበት መሆን አለበት። ቀዚራም መጋላም ጠይቄ አጣሁት፣ በመጨረሻ ከአዲስ አበባ አስመጣን። ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ሁለተኛ መነጽር ይጨምሩላችሁ እንደሆነ ጠይቁ።