ስሊቭ ወይስ ባይፓስ? ከድሬ ተነስተው ውጭ ለሚታከሙ

ውፍረት ለመቀነስ ከድሬዳዋ ቱርክ ወይም ህንድ ሄዶ ሆድን ማሠራት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። እኔ ግን የቀዶ ጥገናው ዓይነት፣ ስሊቭ ወይስ ባይፓስ የሚለው፣ ይቅደም ባይ ነኝ። ሐኪሙ እዚያው ነው የሚቀረው፤ ክትትሉ ግን እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ወይም ሳቢያን ሰፈር ነው።

ስሊቭ የጨጓራውን 80 በመቶ ገደማ ቆርጦ ያወጣል። የቀረው እንደ ሙዝ ቀጭን ነው። አንጀት አይነካም። የወጣው ግን አይመለስም፤ ቃር ያለበትም ሊብስበት ይችላል።

ባይፓስ ትንሽ የጨጓራ ከረጢት ሠርቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኛል። ቃር ወይም ዓይነት 2 ስኳር ላለበት ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሐረር ሃልዋ ወይም በርጫ ላይ የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይ ቶሎ አንጀት ሲገባ ልብ ሊመታ፣ ሊያልብ፣ ሊያስቀምጥ ይችላል። ራስ ምታት ሲመጣ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ መዋጥም ይቀራል፤ ከረጢቱና አንጀቱ የተገናኙበት ቦታ ላይ ቁስለት ሊያመጣ ይችላል። ቫይታሚን ቢ12፣ ብረትና ካልሲየም መውሰድ ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። በስሊቭም ቫይታሚን አይቀርም፣ በባይፓስ ግን ቸል ማለት የበለጠ ይጎዳል።

ቃር ለሌለበትና ክትትል ለሚርቀው የድሬ ሰው እኔ ወደ ስሊቭ አደላለሁ። የመጨረሻው ቃል ግን መርምሮ ያየው ሐኪም ነው። የትኛውንም ብትመርጡ፣ ሐኪሙ ሳይፈቅድ የመመለሻ በረራ አትያዙ፤ ደም ሊረጋ ይችላል። የቀዶ ጥገናውን ሙሉ ሪፖርትም ሳትቀበሉ አትውጡ።