ባለ 14 ቤቱ የመድኃኒት ሣጥን፦ ኩላሊት ከተተከለልኝ በኋላ ሁለት ዓመት የተጠቀምኩበት

ታናሽ እህቴ አንዱን ኩላሊቷን ከሰጠችኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለት ነርሷ ያስያዘችኝ ከረጢት ሙሉ መድኃኒት ነበር። ሰውነቴ የተተከለውን ኩላሊት እንዳይጥለው የሚያደርጉት ታክሮሊመስ ጠዋትና ማታ፣ ማይኮፌኖሌት ጠዋትና ማታ፣ ፕሬድኒሶሎን ጠዋት፤ በዚያ ላይ ኢንፌክሽን የሚከላከሉት፣ የደም ግፊቱ፣ የጨጓራው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁሉንም ከየካርቶኑ እያወጣሁ ስውጥ ሰነበትኩና አንድ ማታ ብርጭቆ ውኃ በእጄ እንደያዝኩ «ታክሮሊመሱን ውጬዋለሁ ወይስ አልዋጥኩትም?» ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ደግሜ ብውጠው መጠኑ በደሜ ውስጥ በዝቶ ያንኑ ኩላሊት ይጎዳዋል፤ ብተወው ደግሞ ሰውነቴ የእህቴን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ ይነሣበታል። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በማግሥቱ ክሊኒኩን ጠይቄ ከተረጋጋሁ በኋላ ሄጄ ይህን ሣጥን ገዛሁ።

ሣጥኑ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ለ7 ቀን፣ በየቀኑ ለጠዋትና ለማታ፣ በጠቅላላው 14 ቤት አለው። የጠዋቱ ረድፍ ክዳን ነጭ፣ የማታው ጥቁር ሰማያዊ ነው። በጎኑ በባትሪ የሚሠራ የማንቂያ ደወል አለው። ሙያዬ ልብስ ስፌት ስለሆነ ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት፤ እያንዳንዱ ቤት 3 በ3 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ልኩን የምናገረው በምክንያት ነው።

የመጀመሪያውን ወር በስህተት ተጠቀምኩበት። ቅዳሜ ማታ ካፕሱሉን ሁሉ ከእሽጉ እየፈለቀቅሁ በየቤቱ እጨምርና ሣጥኑን መታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ አኖረው ነበር። ለክትትል ስሄድ ይዤው ገባሁ። የክሊኒኩ ፋርማሲስት ክዳኑን ከፍታ አየችና «አባቴ፣ እንዲህ ያድርጉ ማን አለዎት?» አለችኝ። ማንም አላለኝም፤ ሣጥን ስለሆነ የሚሞላ መስሎኝ ነው። የታክሮሊመሱ ካርቶን ውስጥ ያለውን መመሪያ ዘርግታ በጣቷ አሳየችኝ፤ ካፕሱሉ ከእሽጉ እንደወጣ ወዲያው ይዋጣል ይላል። እርጥበት ይጎዳዋል፤ ለዚህም ነው በፎይል ከረጢት ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ትንሽ ጥቅል ጋር የሚመጣው። እኔ ደግሞ እንፋሎት ከማይለየው ክፍል አስቀምጬዋለሁ። ፕሬድኒሶሎኑን ግን ምንም ሳትል አለፈችው፤ ሁሉም መድኃኒት አንድ ዓይነት አይደለም፣ ስለዚህ ሣጥን የገዛ ሰው የትኛው ከእሽጉ ወጥቶ ሊቀመጥ እንደሚችል ለየመድኃኒቱ ይጠይቅ።

መፍትሔውን እርሷ ነገረችኝ፣ መቀሱ የእኔ ነው። እሽጉን ካፕሱል በካፕሱል እቆርጠዋለሁ፣ ፎይሉ ሳይበሳ። ጥጉ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ አራቱንም ማዕዘን እንደ ኮሌታ ጫፍ አጠጋጋዋለሁ። ይህን እንደ ቁም ነገር ያልቆጠረ ሰው በጨለማ ካፕሱሉን ከነእሽጉ ሊውጠው ይችላል፤ ሹል ፕላስቲክ ደግሞ ጉሮሮና አንጀት ይቀድዳል። እኔ መብራት ሳላበራ ሣጥኑን አልከፍትም። ሌላም አለ፤ እሽጉ ሲቆራረጥ ስሙም፣ ሚሊግራሙም፣ የሚያበቃበት ቀንም ይቆራረጣል። ስለዚህ ካርቶኑን እስኪያልቅ አልጥልም፤ መጨረሻ ላይ የምቆርጠውም ጽሑፉ ያለበትን ጫፍ ነው።

ክዳኑን በተመለከተ ለሠሪዎቹ ቅሬታ አለኝ። ታክሮሊመስ እጅ ያንቀጠቅጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ መጠኑ ከፍ ያለ በነበረበት ጊዜ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ልጄ ታስገባልኝ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት በመርፌ የኖረ ሰው ያን ጊዜ ምን እንደሚሰማው ለመናገር ቃል የለኝም። ይህ ክዳን ደግሞ ጥፍር ይፈልጋል፣ ጠንክሮ ይገጥማል፤ አንዱን ስስብ ጎረቤቱ አብሮ ይነሣል። አንድ ጠዋት ሦስት ቤት በአንድ ጊዜ ተከፍቶ ወለሉ ላይ ተበተነ። ያኔ ገና ከእሽጉ እያወጣሁ ስለነበር አንድ የማይኮፌኖሌት ካፕሱል ተረግጦ ዱቄቱ ወጣ። የወንድሜ ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልታነሣልኝ ጎንበስ ስትል ጮኼ አስቆምኳት። ማይኮፌኖሌት ጽንስ ይጎዳል። ካፕሱሉም አይከፈትም፣ ክኒኑም አይፈጭም፤ ዱቄቱ ቆዳ ከነካ በሳሙናና በውኃ መታጠብ ነው። እኔው ጓንት አድርጌ በእርጥብ ወረቀት ጠረግሁት።

ከዚያ በኋላ ለ14ቱም ክዳን ከጥልፍ ጥብጣብ የጣት ማስገቢያ ቀለበት ቆርጬ በሙጫ ለጠፍኩለት። አሁን ጣቴን አስገብቼ ወደ ላይ መሳብ ብቻ ነው። ይህን ለመሥራት ልብስ ሰፊ መሆን አያስፈልግም። ግን ዋጋ የተከፈለበት ዕቃ እንዲህ ሆኖ መምጣት ነበረበት፤ የሚገዛውም አብዛኛው እጁ የደከመ ሰው ነው።

ደወሉ መካከለኛ ነው። ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ አስተካክዬዋለሁ፤ ልዩነቱ በትክክል 12 ሰዓት እንዲሆን። ድምፁ ከሌላ ክፍል ይሰማል። ችግሩ አንድ ደቂቃ ጮኾ ዝም ማለቱ ነው፤ ዋጥክ አልዋጥክ አይጠይቅም፣ ደግሞም አይጮኽም። አንድ ማታ ደንበኛ ልብስ እየለካ ሳለ ጮኸ፣ «አሁን መጣሁ» አልኩ፣ ረሳሁት። ጠዋት የማታውን ቤት ሙሉ ሆኖ ሳየው ክው አልኩ። ሁለቱን ደርቤ አልዋጥኩም፤ የጠዋቱን በሰዓቱ ወስጄ ወደ ክሊኒኩ ደወልኩ። ያለዚህ ሣጥን መዝለሌን እንኳ አላውቅም ነበር።

ደወሉ ያጠፋው አንድ ትልቅ ጥፋትም አለ፤ በእርግጥ ጥፋቱ የእኔም ነው። በደም ውስጥ ያለው የታክሮሊመስ መጠን የሚለካው የጠዋቱ መድኃኒት ከመዋጡ በፊት፣ ከማታው 12 ሰዓት ያህል ካለፈው በኋላ ነው። በዚያን ዕለት መድኃኒቱን ይዞ መሄድ፣ ደም መስጠት፣ ከዚያ መዋጥ። እኔ ግን ደወሉ ሲጮኽ እጄ ለምዶ ከፈተ፣ ዋጥኩ፣ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ከ6 እስከ 7 ይመላለስ የነበረው ቁጥር 17 ሆኖ መጣ። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንሰው እስክሪብቶ አንሥቶ ነበር። ነርሷ «ዛሬ ጠዋት መድኃኒትዎን ወስደው ነው እንዴ የመጡት?» ባትል ኖሮ ትክክል የነበረው መጠን በሐሰት ቁጥር ተቀንሶ፣ ኩላሊቴ ያለ በቂ ጥበቃ ይቀር ነበር። በሌላ ቀን ደግመው ለኩት፤ 6 ነጥብ 4። አሁን የደም ምርመራ ቀጠሮ ያለኝ ዕለት የጠዋቱን ቤት ክዳን ቀለበት በቀይ ክር አስሬ አድራለሁ። ክሩን ሳልፈታ አይከፈትም፤ ስፈታው ትዝ ይለኛል።

የሣጥኑን ትልቁን ጥቅም ግን ማሸጊያው ላይ አልጻፉትም። ቅዳሜ ማታ ስሞላው ሳምንታዊ ቆጠራ አደርጋለሁ። እያንዳንዱን ካርቶን አነባለሁ፤ ስሙን፣ ሚሊግራሙን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚል። ባለፈው ዓመት አንድ መድኃኒት ቤት የሰጠኝን አዲስ ካርቶን ስከፍት የካፕሱሉ ቀለም ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ሚሊግራሙ ያው ነው። መልሼ ሳነብ ካርቶኑ ላይ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ይላል። የእኔ ቶሎ የሚለቀቀው፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ነው። ሁለቱም ታክሮሊመስ ናቸው፤ ግን አንዱ በሌላው ቦታ ዝም ብሎ አይተካም። ለውጥ ካስፈለገ ሐኪሙ ወስኖ፣ የደም መጠኑ እየተለካ ነው። በሌላ አገር ሰዎች በዚህ ዓይነት መለዋወጥ የተነሣ በመድኃኒት ብዛት ተመርዘዋል፣ የተተከለላቸውንም አካል ሰውነታቸው ሊጥለው ደርሷል፤ የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ታክሮሊመስ በንግድ ስሙ ብቻ እንዲታዘዝና እንዲሰጥ የመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ክሊኒኩ ደውዬ ስነግራቸው «አንድም እንዳይነኩ» አሉኝ። የቀረኝ የአራት ቀን መድኃኒት ነበረና በሁለተኛው ቀን ተቀየረልኝ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ካርቶን ከመስኮቱ ሳልርቅ እከፍተዋለሁ፤ ያለቀውን ባዶ ካርቶን ይዤ እሄዳለሁ፣ ጎን ለጎን አስቀምጬ አያለሁ።

ሞልቶ ማስቀመጥ የሚያመጣው ጣጣም አለ። አንድ ማክሰኞ ከክሊኒኩ ተደውሎ ታክሮሊመሱ ከ3 ሚሊግራም ወደ 2 እንዲወርድ ተነገረኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሣጥኑ ግን እስከ ቅዳሜ በድሮው ልክ ተሞልቷል። ረቡዕን ሙሉ፣ ሐሙስን ጠዋት የድሮውን ዋጥኩ። አሁን መጠን ሲለወጥ ስልኩ ከጆሮዬ ሳይወርድ ሣጥኑን እዘረግፋለሁ፤ የተነገረኝን ቁጥር መልሼ ለነርሷ አነብላታለሁ፣ ቀኑን ጽፌ ከሣጥኑ ሆድ ሥር እለጥፋለሁ።

ከዚያችው ወረቀት ጎን ሌላ ወረቀት አለች። ሣጥኑ ሊነግረኝ የማይችለውን የያዘችው እርሷ ናት። የባክቴሪያ መድኃኒቱ ክላሪትሮማይሲን፣ የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞል፣ የደም ግፊት መድኃኒቱ ዲልቲያዜም፤ እነዚህ ታክሮሊመስን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጉታል። ግሬፕ ፍሩትም እንዲሁ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ደግሞ ክፉኛ ያወርደዋል፤ ለድብርት ተብሎ የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ዕፅም። የሕመም ማስታገሻዎቹ አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ኩላሊቱን በቀጥታ ይጎዳሉ። ተቅማጥ ከያዘኝ ታክሮሊመሱ በደሜ ውስጥ ሊጨምር ስለሚችል ቀን ሳላሳልፍ እደውላለሁ። ሕያው ተሕዋስ ያለበት ክትባት አልወስድም። አንድ ጊዜ ደረቴን አሞኝ ሌላ ሐኪም ዘንድ ብሄድ ክላሪትሮማይሲን ታዘዘልኝ፤ ወረቀቷን አውጥቼ አሳየሁት፣ የንቅለ ተከላ ክሊኒኬን ጠይቆ በሌላ ቀየረልኝ። አልተቆጣም፣ አመሰገነኝ።

«እስከ መቼ ነው ይህን የምውጠው?» ብዬ ሐኪሜን ጠይቄው ነበር። «ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ» አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር አጫወተኝ። እ.ኤ.አ. በ1954 ጆሴፍ መሪ ቦስተን ውስጥ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያደርግ ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ የሰውነትን መከላከያ የሚገታ መድኃኒት አላስፈለጋቸውም። ታክሮሊመስ የተገኘው ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ጃፓን ጹኩባ ካለ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። እኔና እህቴ ያንድ እናት ልጆች ነን እንጂ መንትያ አይደለንም። እርሷ በመጣች ቁጥር ገና ሳትቀመጥ ሣጥኑን አንሥታ የትናንቱን ቤት ትከፍታለች። ባዶ መሆኑን ታያለች፤ «ጎሽ ወንድም ጋሼ» ትልና ትዘጋዋለች።

ሌሎቹን ነገሮች ባጭሩ ልናገር። የቀኖቹ ስም በስድስት ወር ውስጥ ተፋቀ፤ በክር ቀለም ለየሁት። የልጅ መቆለፊያ የለውም፤ ስለዚህ ከፍ ያለ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። መንገድ ስሄድ ሣጥኑን ብቻ ይዤ አልወጣም፤ ካርቶኖቹና የሐኪም ማዘዣው ከትርፍ መድኃኒት ጋር ከእጄ በማይለየው ቦርሳ ይገባሉ። ባትሪው ዓመት ከሦስት ወር ቆይቷል።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፤ አንዷን የቀነስኩት ለክዳኑ ነው። ባለፈው ወር አንዱ ክዳን ተሰብሮ ያንኑ ዓይነት ደግሜ ገዝቻለሁ። ታክሮሊመስ ለሚወስድ ሰው፣ ቤቱ የተቆረጠውን እሽግ ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋር ይይዝለታል። ለዚሁ ሥራ የሚሰጠውን ሌላውን መድኃኒት፣ ሳይክሎስፖሪንን፣ ለሚወስድ ግን ይህን ሣጥን አልመክርም። እርሱም እስኪዋጥ ከእሽጉ መውጣት የለበትም፣ ባለ 100 ሚሊግራሙ ካፕሱል ደግሞ ትልቅ ነው። መጠበቂያ ክፍል አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የእርሱን ቁራጭ በሣጥኔ ሞክሮት ክዳኑ አልገጥም አለ። ስለዚህ ሊገዛ የሚሄድ ሰው የራሱን እሽግ አንድ ቁራጭ ይያዝና እዚያው ቆሞ ይሞክረው።