አሮጌ ባለ ካቢን ጀልባ ለሐዋሳ ሐይቅ፦ የውስጡን ሞተር ማደስ ወይስ ከኋላ ማንጠልጠል?

"ሞተሯ ትንሽ ሥራ ብቻ ነው የሚቀራት።" ፍቅር ሐይቅ አካባቢ አሮጌ ጀልባ ሊገዛ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ይህንን ነው። እኔም ሰምቼ ገዝቻለሁ። ሰባት ሜትር ናት፣ ፋይበርግላስ፣ ከፊት ሁለት ሰው የሚያስተኛ ካቢን አላት። ሞተሯ ወለሉ ሥር ተቀብሯል። ልጆቼ "ጋቢናዋ" ይሏታል። ያ "ትንሽ ሥራ" ሁለት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ ሞተሩ ወጥቶ በኪሎ ተሸጠ።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ገለልተኛ ሆኜ አይደለም። ግን ሦስቱንም መንገድ በቅርብ አይቻቸዋለሁ። አንደኛው የውስጡን ሞተር ማደስ ነው። ሁለተኛው አውጥቶ ጥሎ ከኋላ ሁለት ስትሮክ ሞተር (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚነድበትን) ማንጠልጠል። ሦስተኛው በዚያው ቦታ አራት ስትሮክ (እንደ መኪና ዘይቱ ለብቻው የሆነበትን) ማንጠልጠል።

ከሞተሩ በፊት ግን ሐይቁን እንይ። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዳር እስከ ዳር ቢሄዱት የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። ሰባት ሜትር ጀልባ ውሃውን እየከፈለች፣ አፍንጫዋን ሳታነሳ፣ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትሄዳለች። ለዚያ ፍጥነት ከ30 እስከ 40 ፈረስ ጉልበት ይበቃል። ከዚያ በላይ መፍጠን ከፈለጋችሁ ጀልባዋ ከውሃው ላይ መነሳት አለባት። ያኔ የሚያስፈልገው ጉልበት በእጥፍ አይደለም የሚጨምረው፣ ከዚያም ያልፋል። ጉማሬ ለማየት ደግሞ ማን ይቸኩላል?

ሌላው ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ 40 ተብሎ የተጻፈበት ሞተር እዚህ 33 ያህል ነው፣ 135 የተባለውም ወደ 112 ይወርዳል። ሻጩ አልዋሸም፣ አየሩ ነው የቀነሰው። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ፕሮፔለር ለዚህ አየር ይከብዳል። ሙሉ ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ መጽሐፉ ላይ ወደተጻፈው ዙር ካልደረሰ፣ ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) ያነሰ ፕሮፔለር ሞክሩ። አንድ ኢንች ፒች ሲቀንስ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል።

የውስጡ ሞተር

በአሮጌ ባለ ካቢን ጀልባዎች ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሞተሩ ከውስጥ፣ እግሩ (ፕሮፔለሩን ይዞ ውሃ ውስጥ የሚወርደው ክፍል) ከውጭ የሆነው ዓይነት ነው። ቮልቮ ፔንታ በ1959 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ አሠራር ነው። መርክሩዘር የሚባለው ሌላ አምራችም አለ። 3.0 ሊትሩ መርክሩዘር ብሎኩ የጄኔራል ሞተርስ ነው። የቮልቮው ቤንዚን ሞተሮችም ብዙዎቹ ከቮልቮ መኪና የተወሰዱ ናቸው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። "የመኪና ሞተር ነው፣ ማንኛውም ጋራዥ ይሠራዋል" ይባላል። ብሎኩን አዎ። ፒስተን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ጋርኒሲዮን ለመካኒኮቻችን አዲስ አይደሉም።

ችግሩ በብሎኩ ዙሪያ ያለው ነው። የእኔ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲቃጠል ከተማ ውስጥ ያለ አንድ መካኒክ ከመኪና የወጣ አመጣልኝ። ልክ ገባ፣ በአንድ ጊዜ አስነሳ። ደስ ብሎን ሳንጨርስ፣ ዕድሜያቸውን በጀልባ የጨረሱ አንድ አባት የወለሉን ክዳን ከፍተው አሸተቱ።

"ልጄ፣ ማነው ይሄን ያሰረልህ?"

"መካኒኩ ነው ጋሼ። ልክ እኮ ነው፣ ተነሳ።"

"መነሳቱን አይቻለሁ። መኪና ቤንዚን ቢያፈስ አስፋልት ላይ ይንጠባጠባል። ጀልባ ግን ሆዷ ውስጥ ነው የምታጠራቅመው።"

ነገሩ ይኸው ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ከወለል በታች ይተኛል። ለጀልባ የተሠራ ሞተሪኖና ዳይናሞ ብልጭታው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርጎ የተዘጋ ነው። የመኪናው ግን ክፍት ነው። ስለዚህ የምትገዟት ጀልባ የውስጥ ቤንዚን ሞተር ካላት የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን ተራ በተራ እዩ። የአየር ማስወጫ ፋኑ መሥራቱንም አረጋግጡ። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ቢያንስ አራት ደቂቃ መሥራት አለበት። ፋኑ የለም ከተባላችሁ፣ ዋጋው ምንም ቢወርድ እኔ አልገዛም።

ቀጥሎ ጎማው አለ። እግሩ ጀልባዋን በስቶ በሚወጣበት ቦታ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጎማ አለ፣ ከውሃ በታች። እሱ ሲሰነጠቅ ውሃው ቀጥታ ሆድ ውስጥ ይገባል። መለወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው። ብር በሐምሌ 2016 ዋጋው ለገበያ ከተተወ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ይህ ሁሉ ለቤንዚን ነው። የውስጡ ሞተር ናፍጣ ከሆነ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይተንም፣ ዘላቂም ነው። በደንብ የሚነሳ፣ ሰማያዊ ጭስ የማያወጣ ናፍጣ ካገኛችሁ አትንኩት። ዘይትና ፊልትሮ እየቀየራችሁ ንዱት።

ሁለት ስትሮክ

ሐይቁ ላይ የሚሠሩ ጀልባ ነጂዎች እጃቸውን የፈቱት በዚህ ነው። ቀላል ነው፣ 40 ፈረሱ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቫልቭ የለው፣ የሚቀየር የሞተር ዘይት የለው። ካርቡራተሩን ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ የሚፈታ ሰው ታገኛላችሁ። ያገለገለ መለዋወጫም አይጠፋም።

ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። ብዙዎቹ 50 ለ 1 ናቸው፣ ለ25 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ሊትር ማለት ነው። የእናንተ ሞተር መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱን ስሙ። ለባጃጅ የተረፈ ዘይት ግን አትጨምሩ። የጀልባ ሞተር በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ዘይቱ ላይ "ቲሲ ደብልዩ 3" የሚል መኖር አለበት።

ጉድለቱስ? ይጠጣል። ካርቡራተር ያለው ሁለት ስትሮክ ከሚጠጣው ቤንዚን እስከ ሩብ የሚደርሰው ሳይነድ ይወጣል። ኪሳችሁን ተዉት፣ የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ የለውም። የገባው እዚያው ይቀራል። ያንኑ ቆሮሶ አሞራ ገደል ሄደን ጠብሰን እንበላለን።

አራት ስትሮክ

ጸጥ ይላል፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ጭስ የለውም። ካቢን ውስጥ የተኛ ልጅ አይቀሰቅስም። ክብደቱ ግን 40 ፈረሱ ወደ 100 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በየ100 ሰዓቱ ዘይትና ፊልትሮ ይፈልጋል፣ የማርሽ ዘይትም እንዲሁ። አዲስ ከሆነ የመጀመሪያው ቅያሪ 20 ሰዓት ላይ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ በኮምፒዩተር የሚመራው ዓይነት ነው። ቤንዚን ሲጠፋ በጠርሙስ የሚሸጠውን የምታውቁት ነው፣ ምን እንደተቀላቀለበት ሻጩም አያውቅም። ሁለት ስትሮክ ሳል ሳል እያለው ያስኬዳል። ኢንጀክተር ያለው ሞተር ይቆማል። ውሃ የሚለይ ፊልትሮ መስመሩ ላይ አስገቡ፣ ውድ አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊትም ጠይቁ፦ ሲበላሽ ኮዱን የሚያነብ ማሽን ያለው ማነው? መልሱ "አዲስ አበባ ይወሰዳል" ከሆነ የመንገዱንም ወጪ ደምሩ።

ያገለገለ ሲገዛ

ሁለቱም ዓይነት ላይ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት) አስለኩ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ብዙ ካለፈ ዋጋ ቀንሱ ወይም ሂዱ። ሲነሳ በጎኑ ቀጭን ውሃ መሽናት አለበት። ካልሸና የውሃ ፓምፑ ጎማ አልቋል ወይም መንገዱ ተዘግቷል። የማርሽ ዘይቱን ጠብ አድርጋችሁ እዩ። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

ከዚያ ፕሮፔለሩን አስፈቱ። ሻጮች ይሄን አይወዱትም። ሐይቃችን መረብ የበዛበት ነው። የእኔን ሲፈቱት ከኋላው የተጠቀለለ የመረብ ናይለን ወጣ፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ ከሙቀቱ የተነሳ እንደ ፕላስቲክ የተጣበቀ። እሱ ነው የፕሮፔለሩን ዘንግ ዙሪያ የሚዘጋውን ጎማ ቆርጦ ማርሹ ውስጥ ውሃ የሚያስገባው። አሁን በየወሩ እፈታዋለሁ፣ አሥር ደቂቃ ነው።

እግሩ ላይ የምትታሰረው መስዋዕት ብረትም አለች፣ ሌላው እንዳይበላ እሷ የምትበላው። ለጨው ውሃ የሚመጣው ዚንክ እዚህ ቅርፊት ያበጅና ሥራ ያቆማል። አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ፈልጉ። ብረቷ ለዓመታት ሳትበላ አዲስ መስላ ካያችኋት ደስ አይበላችሁ፣ እየሠራች አይደለችም።

ሞተሩን የሚሸከመው ግድግዳ

ከውስጥ ወደ ውጭ መቀየር ሞተር ከማንጠልጠል በላይ ነው። አሮጌው እግር የወጣበት ቀዳዳ መዘጋት አለበት። የኋላው ግድግዳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በፋይበርግላስ የተሸፈነ ኮምፔንሳቶ ነው። ውሃ ከገባበት ይበሰብሳል፣ ከውጭ ግን ቀለሙ ያብረቀርቃል። ማድጋ ስትገዙ እንደምታንኳኩት በመዶሻ እጀታ አንኳኩት። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ወለሉንም፣ የካቢኑን ጣሪያም እንዲሁ። የበሰበሰውን መቁረጥና መሥራት ይቻላል፣ ግን እንጨቱ በደንብ መድረቅ አለበት። የክረምት ሥራ አይደለም። እኔ ነሐሴ ላይ አሠርቼ ጥቅምት ላይ ድጋሚ አስፈረስኩ።

ቀሪውን በአጭሩ። ውሃ ሲጠራቀም ራሱ የሚነሳ ፓምፕ ከሬዲዮና ከመብራት በፊት ይገዛ። ለመብራትና ለስልክ አንድ ትንሽ ሶላር ከተራ ባትሪ ጋር ይበቃል።

እና የቱን?

ጀልባዋ በየቀኑ ሰው የምትጭን ከሆነ አራት ስትሮክ ግዙ። በቤንዚን ቁጠባ ልዩነቱን ትመልሳለች። ለቅዳሜና እሑድ፣ ከከተማው ሳትርቁ ለመንሸራሸር ከሆነ፣ ካርቡራተር ያለው አራት ስትሮክ ብታገኙ መልካም ነው። ካጣችሁ ሁለት ስትሮክ፣ ዘይቱን ሳታበዙ። የውስጥ ቤንዚን ሞተር ያላትን ጀልባ የምትገዙት ሞተሩን ዜሮ ብር ቆጥራችሁ ብቻ ይሁን። ሻጩ ይቆጣል፣ ይቆጣ።

የእኔዋ አሁን ያገለገለ 40 ሁለት ስትሮክ ተንጠልጥሎባታል። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ወጥተን ከቀትር በፊት እንመለሳለን። አሮጌው ሞተር የነበረበት ጉድጓድ ውስጥ አሁን ስድስት የሕይወት ማዳኛ ጃኬት፣ አንድ ጀበናና የከሰል ምድጃ አለ። ምድጃውን የምናወጣው መሬት ላይ ከወረድን በኋላ ነው።