ሃና 96801 ዲጂታል ሪፍራክቶሜትር፦ ለማርና ለጭማቂ የሚታመን፣ ለጠጅ ብቻውን የማይበቃ

ጎንደር ውስጥ የማር፣ የጭማቂና የብርዝ ናሙና ለሚመረምር ላቦራቶሪ ይህ የፈሳሽን የስኳር መጠን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ቢገዛ አያስቆጭም። ችግር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከመሣሪያው ሳይሆን የሚያሳየው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ካለማወቅ ነው። ቁጥሩ የሚነበበው በብሪክስ ነው፤ ብሪክስ ማለት በ100 ግራም መፍትሔ ውስጥ ያለ ሱክሮስ (ተራው የገበታ ስኳር) በግራም ነው፤ መሣሪያው ግን ስኳርን ከሌላው ነጥሎ አያይም። ናሙናው በሚያርፍበት መስታወት፣ በፕሪዝሙ በኩል ቢጫ ብርሃን ይልካል፣ ፈሳሹ ብርሃኑን ምን ያህል እንደሰበረው ይለካል፣ ልኩን ወደ ስኳር መጠን ይመነዝረዋል። ጨው፣ አሲድ፣ አልኮልና ፕሮቲንም ብርሃን ይሰብራሉ፤ ሁሉም እንደ ስኳር ይቆጠራሉ።

ከ0 እስከ 85 ብሪክስ ይለካል፣ ንባቡ በ0.1 ይራመዳል፣ ትክክለኛነቱ ±0.2 ነው። ውጤቱን በ1.5 ሰከንድ ገደማ ያወጣል። ናሙናው 100 ማይክሮሊትር፣ ማለትም ሁለት ሦስት ጠብታ ቢሆን ይበቃል። በ9 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ለረጅም ጊዜ የማይነካ ከሆነ ግን ባትሪውን አውጥቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሙቀትን ራሱ ወደ 20 ዲግሪ ያስተካክላል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ውስጥ ብቻ ነው። የጎንደር ከተማ አየር ለዚህ የተመቸ ነው። ከፍሪጅ በ4 ዲግሪ የወጣ ናሙና፣ ወይም መሣሪያው ወደ መተማ ቆላ ወርዶ በበጋ ፀሐይ የሞቀ ናሙና ግን ከዚያ ክልል ይወጣል። የሙቀት ማስተካከያ ባይኖር 15 ብሪክስ የሆነ ጭማቂ በየአንዳንዱ ዲግሪ 0.07 ያህል ይዛነፍ ነበር፤ በ30 ዲግሪ ሲለካ 0.7 ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። ፕሪዝሙ በለስላሳ ሶፍት ይጸዳል፣ ዲስቲልድ (ተጣርቶ የተነነ) ውሃ ይጨመርበታል፣ ንባቡ ዜሮ ይደረጋል። በቧንቧ ውሃ ዜሮ ቢደረግ የሚፈጠረው ስህተት ከ0.1 በታች ስለሆነ ብዙ አይታይም፤ ውሃው ሲደርቅ ፕሪዝሙ ላይ የሚተወው ነጭ ልባስ ግን ቀጣዮቹን ንባቦች ያበላሻል። ከዚያ ውሃው በደንብ ተጠርጎ ናሙናው በፕላስቲክ ፒፔት (ጠብታ መጨመሪያ) ይጨመራል። የብርጭቆ ፒፔት ጫፍ ፕሪዝሙን ይጭረዋል፣ ጭረት ደግሞ አይጠገንም። ናሙናው ፕሪዝሙን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ አረፋ ካለበት ንባቡ ይዋልላል። ሙቀቱ ከመሣሪያው ጋር እስኪተካከል ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቆ ማንበብ ነው። ከዚያ በላይ ማቆየት ግን ጥሩ አይደለም፤ በበጋው ደረቅ አየር ቀጭኑ ናሙና ውሃው ይተንና ብሪክሱ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለተኛው ንባብ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። የማንጎ ጭማቂ መጀመሪያ መጣራት ወይም በሴንትሪፊዩጅ መዞር አለበት።

በዜሮ ብቻ መተማመን አይገባም። 10 ግራም ሱክሮስ ከ90 ግራም ውሃ ጋር መዝኖ መቀላቀልና 10.0 ማሳየቱን ማረጋገጥ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ 10 ግራም ስኳር በቮልዩሜትሪክ ፍላስክ እስከ 100 ሚሊሊትር ምልክት ቢሞላ 9.6 ወይም 9.7 ነው የሚያሳየው፤ የመፍትሔው ክብደት ከ100 ግራም ይበልጣልና። ያኔ መሣሪያው ተበላሸ ይባላል፣ ጥፋቱ ግን የአዘገጃጀቱ ነው። ማር ለሚለካ ቤት 50 ለ50 የተመዘነ መፍትሔም ያስፈልጋል።

መሣሪያው ዋጋውን የሚያወጣው በማር ላይ ነው። የረጋ ማር ክሪስታሉ እያለ አይለካም፤ ክዳኑ በጥብቅ በተዘጋ ጠርሙስ በ50 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይቅለጥ፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ውሃው ይተናል። የማሩን የውሃ መጠን ለማግኘት ግን ብሪክሱን ከ100 መቀነስ ትልቅ ስህተት ነው። የማር ስኳር በአብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ እንጂ ሱክሮስ አይደለም፤ ስለዚህ የማር የራሱ ሠንጠረዥ አለው። 80.4 ያሳየ ማር በቅነሳ 19.6 በመቶ ውሃ አለው ይባላል፣ በሠንጠረዡ ግን 18 በመቶ ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። የኮዴክስ (የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) የማር ውሃ ጣሪያ 20 በመቶ በመሆኑ 79 ብሪክስ ያሳየ ማር በቅነሳ 21 በመቶ ውሃ አለው ተብሎ ይወድቃል፣ በትክክለኛው ስሌት ግን ያልፋል። ከአርማጭሆ ወይም ከጭልጋ ማሩን ይዞ የመጣ ገበሬ በዚህ ስህተት ሊጎዳ አይገባም።

ብርዝም በደንብ ይለካል። 80 ብሪክስ የሆነ 1 ኪሎ ማር በ3 ኪሎ ውሃ ቢበረዝ 20፣ በ4 ኪሎ ቢበረዝ 16 ብሪክስ ይወጣል። መፍላት ከጀመረ በኋላ ግን ቁጥሩ ያሳስታል። በክብደት 10 በመቶ አልኮል ያለበት ውሃ ቅንጣት ስኳር ሳይኖረው 4.5 ብሪክስ ገደማ ያሳያል። የደረሰ ጠጅ ላይ የሚነበበው እንግዲህ የስኳርና የአልኮል ድምር ነው። መፍትሔው 100 ግራም ጠጅ መዝኖ ግማሽ ያህሉ እስኪቀር በቀስታ ማፍላት፣ ማቀዝቀዝ፣ በዲስቲልድ ውሃ ወደ 100 ግራም መልሶ መለካት ነው። አልኮሉ ስለሄደ የሚቀረው ንባብ በጠጁ የቀረው የሟሟ ነገር ነው። በየቀኑ ጠጅ የሚከታተል ሰው ከዚህ መሣሪያ ጋር ሃይድሮሜትርም (በፈሳሽ ላይ ተንሳፎ ጥግግቱን የሚለካ መሣሪያ) ቢይዝ ይሻለዋል።

ለሎሚ ጭማቂ የአሲድ ማስተካከያ አለ፦ 6 በመቶ ሲትሪክ አሲድ ካለው በንባቡ ላይ 1.2 ያህል ይደመራል። ጨው ላለበት ምግብ፣ ለምሳሌ ለቲማቲም ድልህ፣ 1 በመቶ ጨው ብቻውን ከ1 ብሪክስ በላይ ስለሚጨምር የጨው መጠን ለብቻው መታወቅ አለበት። የደም ወይም የሽንት ግሉኮስ ለመለካት ግን ፈጽሞ አይሆንም።